ጦስኝን በግቢ ማልማት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ ከነሥሩ የመጣልኝን ጦስኝ ግቢዬ ተክዬው ነበር። ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ፍግ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ የለም እትዬ፣ የገደለው ውሃ ነው። ጦስኝ በተራራ ተዳፋት፣ በድንጋይ መሃል የለመደ ተክል ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ዋልካ አፈር ላይ ሲተኛ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቢጫነቱ ረሃብ ስለሚመስል ሰው ፍግ ይደርብበታል፤ ፍጉ ደግሞ እርጥበት ይዞ ያባብሰዋል። ሥሩን ነቅለው ይዩት፤ ጠቁሮ ልጡ በጣት ከተላቀቀ በስብሷል።

ዋልካ ላይ አንድ ሁለት አካፋ አሸዋ መበተን ምንም አይረዳም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ በድንጋይ ይከልሉና 2 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅለው ይሙሉት። ፀሐይ በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ያግኘው። ፍግ ከነጭራሹ አይጨምሩ፤ ለምለም ይሆናል እንጂ ሽታውም አበባውም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ከተራራ ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ አይግዙ። በሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ የሚባለው የእኛ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም፤ ሥሩ ከተነቀለ ደግሞ ቦታው ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ላራባው? በዘር ነው በቀንበጥ?

መልስ፦ በቀንበጥ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ከተጫነው አይወጣም።

መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ፣ አበባ ካልያዘ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉና 4 ሳንቲሜትር ያህል እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይትከሉት። ቂጡ የተቆረጠ የሀይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን ከፍተው ይድፉበት፤ ክዳኑ ከተዘጋ ይሻግታል። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ ብለው ሲስቡት እምቢ ካለ ሥር ይዟል። በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ወደ መደቡ ያዛውሩት። የመጀመሪያውን ወር በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጣትዎ 5 ሳንቲሜትር ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ብቻ ያጠጡ።

መሬት ላይ የተኛ ቅርንጫፉ በራሱ ሥር የሚያወጣበት ጊዜም አለ። እሱን ቆርጦ መትከል ከሁሉም ይቀላል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ እዚህ ይሆናል?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ይሆናል፤ ግን እንደ ደሴው አትጠብቂ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ጦስኝ በዱር የሚገኘው በአብዛኛው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። በሸክላ ማሰሮ፣ ቂጡ ተበስቶ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት ምሥራቃዊ ግድግዳ ሥር አስቀምጪው፤ የቀትር በኋላው ሙቀት አይንካው። ሐሳብሽ ንብ ለመሳብ ብቻ ከሆነ ግን ዳማከሴ ብትተክዪ ይሻላል፤ ሙቀቱን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለሻይ እቆርጠዋለሁ፤ ንብ ግን አይመጣም። ለምን?

መልስ፦ ምናልባት አበባ ከማውጣቱ በፊት ስለሚጨርሱት ይሆናል። ለሻይ ጥሩው ጊዜ ማበብ ሲጀምር ነው፤ ንቧም የምትፈልገው ያኔ ነው። መደቡን ለሁለት ይክፈሉት፦ ግማሹን ይቁረጡ፣ ግማሹ አብቦ እስኪረግፍ አይንኩት። አንድ ብቸኛ እግርም ንብ አይጠራም፤ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ተጠጋግቶ ይተከል። ጎመን ወይም ድንች አጠገብ ካለና ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነ፣ ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ሲመሽ ይረጭ፤ ጦስኙ ላይ ግን ፈጽሞ አይረጭ።

ለማድረቅ ጥላ ውስጥ በስሱ ይሰጣ። ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ መሃሉ እንጨት ሆኖ ተራቆተ። ከሥሩ ልቁረጠው?

መልስ፦ ተው! ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ዳግም አያቆጠቁጥም። ሁልጊዜ ከአረንጓዴው ክፍል ሲሶውን ብቻ ቁረጥ፤ አበባው እንዳለፈ ነው ጊዜው። የተራቆተው አይመለስም፤ ከዳሩ ቀንበጥ ወስደህ አዲስ አርባ። በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ እንዲህ መተካት አለበት።

ጥያቄ፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭስ?

መልስ፦ አይገድለውም፤ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ይበቅላል። ለስላሳ ጫፉ ብቻ ቢቃጠል ውርጩ ካለፈ በኋላ ይገረዝ። በዚያ ሰሞን ውሃ የሚጠጣው በጠዋት እንጂ በምሽት አይደለም።