መልስ፦ አላይ (አጋር) አርጌው የከዳኝ ልጅ
አብሽር ወንድሜ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 (ከተማ እየገነቡ የሚዋጉበት የኮምፒውተር ጌም) ላይ አላይ ያረከው ልጅ መሀል ላይ ጠላት ሆኖ ከተማህን ስላፈረሰው ነውር ነው ወይስ ታክቲክ ላልከው፣ ጌሙማ ይፈቅዳል፣ ጨዋታውን የከፈተው ሆስት ቲም ሎክ ካላረገ (ቡድን እንዳይቀየር ካልቆለፈ) ማንም መገልበጥ ይችላል። ግን ቻት ላይ "አልነካህም" ብሎህ አንተም አምነኸው ግንብ ሳትሰራ ገበያ ገንብተህ ወርቅ ስትልክለት ከነበረ፣ ያውም ኮይኔጅ (ስትልክ የሚቆረጥብህን የሚቀንስ የጌሙ ጥናት) ሳይጠና 100 ስትልክ 130 እየተቆረጠብህ፣ ወላሂ ክህደት ነው። እኛ ደሴ ስንጫወት መጀመሪያ ነው የምንነጋገረው፣ ስምምነቱን መተው የፈለገ ቀድሞ ይናገራል፣ መብራት ከሄደበት ደሞ ሴቭ አርገን እንጠብቀዋለን እንጂ ከተማውን አንነካም (ሲሸነፍ ብቻ መብራት የሚሄድበትንማ እናውቀዋለን)። ለልጁ አንዴ በግል ጻፍለትና ስማው፣ ሲስቅብህ ካየህ ግን ሁለተኛ ሩም አታስገባው፣ ቀጣይ ደሞ ሳይጀመር ሎክ አስደርግ።