ባንኩን የሚጠብቅ ሁሉ እናንተን አይጠብቅም

ለወጣቶች፤

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የመጀመሪያ ደሞዛችሁን ለምትቀበሉ፣ ቤት ለመግዛት ለምታስቡ፣ ባንክ ውስጥ ሥራ ለጀመራችሁም ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን የብድር ፋይል ሳገላብጥ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። የ2008ቱ የባንክና የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ ብዙዎቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ያኔ ቤታቸውን ያጡ ወላጆች ስለዚያ ጊዜ ማውራት አይወዱም። እኔ ላውራላችሁ።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 2008 ዋሽንግተን ሙችዋል የሚባል ባንክ ተዘጋ። ወደ 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ነበረው። በአሜሪካ ታሪክ ይህን የሚያክል ባንክ ወድቆ አያውቅም። ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት ሰዉ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶበታል። ታዲያ በማግስቱ ቅርንጫፎቹ ተከፈቱ። ጄፒ ሞርጋን ቼዝ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ስለገዛው አንድም አስቀማጭ ገንዘቡን አላጣም። የአስቀማጭን ገንዘብ ለመጠበቅ በ1933 የተቋቋመ ኤፍዲአይሲ የሚባል መሥሪያ ቤት አለና።

ከዚያው ባንክ ተበድሮ ቤት የገዛውስ? ለእሱ የደረሰለት የለም። የወር ክፍያው ብቻ አዲስ አድራሻ ይዞ መጣ።

የዚያን ጊዜ ብድር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ወለዱ ዝቅ ይላል። ከዚያ ለቀሪዎቹ ሃያ ስምንት ዓመታት ይለዋወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሽቅብ ነው። የገቢ ማስረጃ የማይጠየቅበትም ሞልቶ ነበር። ታክሲ ነጂው ወረቀቱ ላይ ባለ ብዙ ገቢ ነጋዴ ሆኖ ይገኛል። የብድር ደላላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያገራችን ልጅ ነው። አማርኛ ይናገራል፣ ሠርጋችንም ላይ ይገኛል። ሁሉም ሌባ ነበር አልልም። ግን ብዙ ተበዳሪ ያላወቀው ነገር ነበር፦ ከሚገባው በላይ ወለድ ሲፈርም አበዳሪው ለደላላው ተጨማሪ ይከፍለዋል። ያኔ ይህ የተፈቀደ ነበር። የተከለከለው በ2011 ነው፤ ጅብ ከሄደ።

ሕግ አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ። ኮንግረስ ገና በ1994 አታላይ የቤት ብድርን የሚከለክል ደንብ እንዲያወጣ ለማዕከላዊ ባንኩ ለፌዴራል ሪዘርቭ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ሰፊው ደንብ የወጣው በጁላይ 2008 ነው። ከፌዴራል ሪዘርቭ የቦርድ አባላት አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ግራምሊች ከዓመታት በፊት አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

ዋሽንግተን ሙችዋልን የሚቆጣጠረው ኦቲኤስ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደግሞ የባሰ ነው። በጀቱ የሚመጣው ከሚቆጣጠራቸው ተቋማት ክፍያ ነበር። ከገቢው ከ12 እስከ 15 በመቶው ከዚህ ከአንድ ባንክ ይመጣ እንደነበር የሴኔት ምርመራ ኋላ አሳይቷል። ካንትሪዋይድ የሚባለው ትልቅ አበዳሪም በ2007 ባንኩን ወደዚሁ ኦቲኤስ አዛወረ። ዳኛህን ራስህ ምረጥ እንደማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የኦቲኤስ መርማሪዎች ከ2004 እስከ 2008 በዋሽንግተን ሙችዋል ላይ ከ500 በላይ ከባድ ጉድለቶች መዝግበዋል። አይተዋል፣ ጽፈዋል። አለቆቻቸው ግን ባንኩ እስካተረፈ ድረስ ደህና ነው ብለው ዝም አሉ። የተበዳሪውን ጉዳት ዋና ሥራዬ ብሎ የያዘ አልነበረም።

ስለዚህ ቁጥጥር ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ግኝት ስትጽፉ የሚታረምበትን ቀንና ኃላፊውን አብራችሁ ጻፉ። ቀን የሌለው ግኝት ፋይል ውስጥ ያረጃል።

ከቀውሱ በኋላ ዶድ ፍራንክ የተባለው ሕግ ወጣ። የሕግ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤልዛቤት ዋረን በ2007 ያቀረቡት ሐሳብም ሲኤፍፒቢ የሚባል የሸማቾች ጠባቂ ሆኖ በጁላይ 2011 ሥራ ጀመረ። አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል አቅም እንዲያጣራ ግዴታ ሆነ። ኦቲኤስም በዚያው ዓመት ፈረሰ። እሰየው ብለን ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 ግን የሲኤፍፒቢ ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ታዘዙ። ሕጉ እዚያው መጽሐፉ ላይ ነው፤ የሚያስፈጽመው ሰው ነው ቤትህ ተቀመጥ የተባለው።

የእናንተ ባንክ ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ነው። ኢንዲማክ የሚባል ባንክ በጁላይ 2008 ሲወድቅ የኤፍዲአይሲ ዋስትና ጣሪያ 100,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ያስቀመጡት ከጣሪያው ያለፈውን ግማሽ ብቻ ነው ቶሎ ያገኙት። ዛሬ ጣሪያው በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ 250,000 ነው። ለአብዛኞቻችሁ ይበቃል። ነገር ግን ዋስትናው የሚሠራው ባንክ ሲወድቅ ነው፤ አፑ ሲወድቅ አይደለም። በ2024 በአፖችና በባንኮች መካከል ይሠራ የነበረ ሲናፕስ የሚባል ኩባንያ ከሰረ። ከ100,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ተቆለፈ። ጉድለቱ ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ባንኮቹ ስላልወደቁ ኤፍዲአይሲ የሚከፍለው አልነበረም። አፑ ላይ ስሙን አይታችሁ አትመኑ። ገንዘቡ የተቀመጠበት ባንክ ማን እንደሆነ፣ በማን ስም እንደተያዘ ጠይቁ። የኪራይና የአስቤዛ ገንዘባችሁንማ ቀጥታ ባንክ አስቀምጡ።

የቤት ብድር ያላችሁ፣ ሂሳቡ ከተዛባ ስልክ ላይ አትጨቃጨቁ። ጻፉ። ደብዳቤውን ክፍያ ወደምትልኩበት ሳይሆን ብድሩን የሚሰበስበው ድርጅት ለጥያቄና ለቅሬታ ብሎ ወዳስቀመጠው አድራሻ ላኩ። በፌዴራል ሕግ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ደርሶኛል ማለት፣ በአብዛኛው ደግሞ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካለ ለስቴታችሁ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ወይም ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ አመልክቱ። የደብዳቤውን ቅጂና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አብራችሁ አያይዙ።