ሳይለኩት ስህተቱን ማወቅ

ጥያቄ፦ የኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ) ሁኔታ እንደማይቀዳና ሲለካም እንደሚፈርስ አንብቤአለሁ። ታዲያ የኳንተም ኮምፒውተር ስህተቱን በምን ያውቃል? ለአንድ ኪውቢት ብዙ ኪውቢቶች ያስፈልጋሉ የሚባለውስ ለምንድን ነው? (የፊዚክስ ተማሪ)

መልስ፦ ያነበቡት ልክ ነው። የማይታወቅን የኳንተም ሁኔታ መቅዳት እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ1982 ተረጋግጧል። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር በ1995 ያገኘው መላ ግን መቅዳት አይጠይቅም፤ የአንዱን ኪውቢት መረጃ በዘጠኝ ኪውቢቶች ላይ አስተሳስሮ ይበትነዋል። ከዚያ የሚጠየቀው የእያንዳንዱ ዋጋ ሳይሆን ጎረቤታሞቹ መስማማታቸው ብቻ ነው።

ዛሬ በሰፊው የሚጠናው የዚህ ዓይነት መላ ሰርፌስ ኮድ ይባላል። ኪውቢቶቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተደርድረው ገሚሶቹ መረጃ ይይዛሉ፣ ገሚሶቹ ይመረምራሉ። መርማሪው ከዜሮ ይነሳል፣ ከአራቱ ጎረቤቶቹ ጋር በየተራ የሲኖት ጌት (አንዱ ኪውቢት 1 ሲሆን ሌላውን የሚገለብጥ ሥራ) ይሠራበታል፣ በመጨረሻም እሱ ብቻ ይለካል። ውጤቱ የሚናገረው ከአራቱ ዋጋቸው 1 የሆኑት ብዛት ተጋማሽ መሆን አለመሆኑን ነው። ስህተት የሚጠረጠረው ውጤቱ ከዙር ዙር ሲቀየር ነው። ለፌዝ ስህተት (በ0 እና በ1 ጥምረት መካከል ያለውን ምልክት ለሚገለብጠው) የሲኖቱ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ በመርማሪው ላይም ከፊትና ከኋላ ሃዳማርድ የተባለ ጌት (0ን ወደ 0 እና 1 እኩል ጥምረት የሚቀይር) ይጨመራል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የአራቱን ጌቶች ቅደም ተከተል ነው። መርማሪው መሀል ላይ ከተሳሳተ ስህተቱ ወደ ቀሩት ሁለት ኪውቢቶች ይተላለፋል። ሁለቱ ሎጂካዊውን ስህተት (ኮዱ የያዘውን መረጃ ሳይታወቅ የሚቀይረውን) በሚሠራው መስመር ላይ ከዋሉ የኮዱ አቅም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ተራው ጥንዱ ከመስመሩ ጎን ለጎን ሳይሆን አቋርጦት እንዲወድቅ ይመረጣል።

የኮዱ ርቀት (መረጃውን ሳይታወቅ ለመቀየር የሚበቃው ትንሹ የስህተት ብዛት) 3 ሲሆን ለአንድ ኪውቢት መረጃ 17፣ 5 ሲሆን 49፣ 7 ሲሆን 97 ኪውቢት ያስፈልጋል። ይህ የሚያዋጣው የእያንዳንዱ ጌት ስህተት በግምት ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የተጨመሩት መርማሪዎች ከሚያርሙት ይልቅ የሚያበላሹት ይበዛል። በእኛ እምነት፣ የጌቱ የስህተት መጠን ያልተነገረለት የኪውቢት ብዛት ብዙም ትርጉም የለውም። ጉግል በ2024 ዊሎው በተባለው ቺፕ ላይ ርቀቱ በሁለት በጨመረ ቁጥር ሎጂካዊው ስህተት ከግማሽ በታች ሲወርድ አሳይቷል።

ልኬቱ ራሱም ይሳሳታል፤ ለዚህ ነው ምርመራው ቢያንስ በርቀቱ ቁጥር ልክ የሚደጋገመው። የተጠራቀመውን ውጤት የሚፈታው ዲኮደር ተራ ኮምፒውተር ነው። በሱፐርኮንዳክተር ቺፕ አንድ ዙር 1 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ ዲኮደሩ ካልደረሰበት ያልተፈታ ውጤት ይከማቻል፣ ቀጣዩ ስሌትም ይጠብቃል፤ ኪውቢቶቹ ደግሞ እየጠበቁም ይሳሳታሉ።