ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ኢሲጂው ደህና ነው ተባልኩ፤ ታዲያ ልቤ ለምን ይመታል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 34 ዓመቴ ነው፤ ለገሃር አካባቢ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ታክሲ ውስጥ ስገባ ልቤ ይመታል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነስቼ ደህና ነው ተባልኩ፤ የጨጓራ መድኃኒትም ተሰጠኝ። ሌላ ሐኪም ደግሞ «ጭንቀት ነው» አለኝ። መሥሪያ ቤት ግማሾቻችን ተጨንቀናል፣ ደብሮናል እንላለን። እናቶቻችን እንዲህ አልነበሩም፤ የዘመኑ ኑሮ ነው ያመጣብን?

መልስ፦ እናቶቻችንም ይታመሙ ነበር። «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ይሉ ስለነበር ግን ማንም ጭንቀት ወይም ድብርት ብሎ አልመዘገበላቸውም። ስለዚህ በዛ የምንለው አንዱ ክፍል ዛሬ ስም ያገኘው ነው። ሁሉም ግን የስም ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሳወቀው፣ ኮቪድ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ደረጃ 25 በመቶ ያህል ጨምረዋል። ብቸኝነትና የገቢ ስጋት አብረው ሲመጡ የሚሆነው ይኸው ነው።

ወደ ከተማችን ስንመጣ፣ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስቶ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ቤት አግኝቷል፤ ሲጠፋ በሩን የምታንኳኳዋን ጎረቤትና ዕድሩን ግን ትቶ ነው የሄደው። በዚያ ላይ የትራንስፖርቱ ሰልፍ ከእንቅልፉ ይቆርጣል። ስልክ በበኩሌ ከሚገባው በላይ ይወቀሳል፤ ትልቁ ጉዳቱ ሌሊቱን መብላቱ ነው። በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የልጅነት ጉዳትና ሐዘንም አሉ፤ እነዚህን ዘመኑ አላመጣቸውም።

የእርስዎ ምልክት ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይመስላል። ሰውነት ሲፈራ የሚለቀው ሆርሞን፣ አድሬናሊን፣ ልብን ያስሮጣል። ሰው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ችግሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብለው ሲወርዱ ነው፤ አእምሮ «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ይይዘዋል፣ በማግስቱ ታክሲው ይበልጥ ያስፈራል። ስለዚህ አጭር መንገድ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ከለገሃር ሜክሲኮ። በአፍንጫ 4 ሴኮንድ አስገብተው በቀስታ 6 ሴኮንድ እያስወጡ፣ ፍርሃቱ እስኪበርድ ሳይወርዱ ይቆዩ። በየቀኑ ይደጋግሙት፤ ሲለመድ መንገዱን ያርዝሙ።

ከዚያ በፊት ግን የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። ቡናንም አይርሱ፤ 10 ሰዓት ላይ የጠጡት ካፌይን ግማሹ ምሽት 3 ሰዓት ላይም ደምዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጫትማ ልብ ማስመታቱ ሳያንስ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱን ይዞ ይመጣል።

መደበር ሁሉ ሕመም አይደለም። ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከቆየ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ሐሳብን መሰብሰብም አብረው ከተናጉ ግን ሕክምና ይፈልጋል። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ያገኛሉ። ሰርትራሊን የሚባለው የጭንቀትና የድብርት ክኒን ከታዘዘ ለፍርሃት ጥቃት ብዙ ጊዜ በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ወደ 50 ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቀቱን ሊያባብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከተሻለዎት በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጡ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።