የኮርማ አባለዘር ምርመራ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ላም ለማዳቀል የሚውል የኮርማ አባለዘር (የዘር ፈሳሽ) የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አርቢዎችም አዳቃዮችም የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ አባለዘሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ በቃ አይደል?

መልስ፦ አይበቃም! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዘሩ እንቁላሉ ጋ ሲደርስ ጭንቅላቱ ላይ ባለው ቆብ ውስጥ የተያዘውን ኢንዛይም ለቆ ሽፋኑን ሰብሮ መግባት አለበት፣ ቆቡ በማቀዝቀዝና በማቅለጥ ጊዜ አስቀድሞ ከተበላሸ ግን ዘሩ እየዋኘም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ገላውን የሸፈነው ስስ ሽፋን ደህና መሆኑን እናያለን። ውድ መሣሪያ የማይፈልግ ዘዴ አለ። ጥቂት አባለዘር ቀጠን ባለ የጨውና የስኳር ፈሳሽ ውስጥ ጨምረን 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል እናቆየዋለን። ሽፋኑ ደህና የሆነው ውሃ ይስብና ያብጣል፣ ጅራቱም ይጠቀለላል። የተጎዳው ጅራቱ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ከመጀመሪያውም ጅራቱ የተጠቀለለ ጉድለት ያለበት ዘር ስለሚኖር እሱን ቀድሞ ቆጥሮ መቀነስ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት በመቶው ሲንቀሳቀስ ነው የሚያልፈው?

መልስ፦ ቀዝቅዞ ከቀለጠ በኋላ በብዙ ቦታ ቢያንስ 40 በመቶው ወደፊት መዋኘት አለበት።

ጥያቄ፦ ኮርማዬ ባለፈው ወር ከባድ ትኩሳት ነበረው፣ አሁን ድኗል። ላስመርምረው?

መልስ፦ አስመርምረው፣ ግን በአንድ ውጤት አትወስን ወንድሜ። የኮርማ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ከ2 ወር በላይ ይፈጃል፣ ትኩሳቱ የጎዳው ዘግይቶ ነው የሚታየው። ከበሽታው ከ2 ወር ተኩል በኋላ ይደገም።

ጥያቄ፦ ስትሮው (የቀዘቀዘ አባለዘር የሚያዝበት ቀጭን ቱቦ) በላቦራቶሪ ያለፈ ነው ተባልኩ። ላሜ ግን ሦስቴ ተዳቅላ አልያዘችም። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ላሟን ሐኪም ይያት፣ ሰዓቱንም አረጋግጪ። ጠዋት ኮርማ ከፈለገች ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ነው የምትዳቀለው። ሌላው መንገዱ ነው። ምርመራው የተደረገው አባለዘሩ በሚዘጋጅበት የቃሊቲ ማዕከል ውስጥ ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ወረዳ እስኪደርስ ግን ስትሮው ከኮንቴይነር ኮንቴይነር ይዘዋወራል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፣ ያቺ ቀጭን ስትሮ አየር ላይ ስትወጣ በሴኮንዶች ትሞቃለች፣ ተመልሳ ብትገባም የደረሰው ጉዳት አይመለስም። ለዚህ ነው ከወረዳ ኮንቴይነር ናሙና እየተነሳ ዳግም ይመርመር የምለው። ገበሬው ላሙን ይዞ ሩቅ መንገድ የሚሄደው ለሞተ ዘር መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ ስትሮ በብብት ማቅለጥ ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም! ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ 30 ሴኮንድ ያህል ይቆይ፣ ሙቀቱም በቴርሞሜትር ይለካ። ከመቁረጥህ በፊት በደንብ አድርቀው፣ ውሃ ዘሩን ይገድለዋል።