ያገለገለ የድርቆሽ ማሰሪያ፦ ሲቋጥር ሳታይ ቀብድ እንዳትሰጥ

ወንድሜ፣ «ሐረር ሰንጋ አደልባለሁ፤ ድሬዳዋ አንድ ያገለገለ የድርቆሽ ማሰሪያ አግኝቻለሁ፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ምኑን አይቼ ልግዛ?» ብለሃል። ባለ ሁለት ሲባጎውን ትንሹን ቤለር (የድርቆሽ ማሰሪያውን ማለት ነው) ከሆነ የምትለው፣ እኔም አለኝ።

አቦ፣ ቀለሙን እርሳው! የመጀመሪያዬን የገዛሁት ቀለሙን አይቼ ነው። ግቢ ውስጥ ባዶውን ሲዞር ድምፁ ደስ ይል ነበር። ማሳ ስናወጣው ግን ከሦስት እስር አንዱ ይፈታል። ሠራተኞቹ በእጅ ሲያስሩ ዋሉ። ዝናቡ ቀደመንና ብዙው ሳር መሬት ላይ በሰበሰ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቋጣሪውን፣ ማለትም ሲባጎውን የሚቋጥረውን ክፍል እይ። ለእያንዳንዱ ሲባጎ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ነው። ሲባጎው የሚጠመጠምበት የወፍ መንቆር የመሰለ ብረት አለው። በጣትህ ዳስሰው። ሲባጎው ቦይ ከቆፈረበት ወይም ምላሱ ከላላ፣ ቋጠሮው እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ አለዚያም ጭራሽ አይቋጠርም።

ቀጥሎ ሲባጎውን ወደ ቋጣሪው የሚያደርሱት መርፌዎች። ትራክተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ኪስህ ይግባ። ከባዱን ክብ ብረት (ፍላይዊሉን) በሚሠራበት አቅጣጫ ቀስ እያልክ በእጅህ አዙር። ቋጣሪውን ቀስቅስና መርፌዎቹ ሲወጡ ተመልከት። ሳሩን የሚገፋውን ብረት ፈጽሞ መንካት የለባቸውም። የተበየደ መርፌ ካየህ አንድ ቀን ተመትቷል ማለት ነው። ፍላይዊሉ ላይ ያለውን ሺር ቦልትም እይ። በሌላ ጠንካራ ብሎን ከተተካ እኔ ብሆን ጥዬው እሄዳለሁ። ያ ብሎን የተቀመጠው ጭነት ሲበዛ ቀድሞ እንዲሰበር ነው። እሱ እንቢ ካለ የሚሰበረው ጊርቦክሱ ነው።

ገፊውን ብረት ነቅንቀው። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፣ ቢላዎቹም ተራርቀዋል። እንዲህ ሲሆን ሳሩን አይቆርጥም፣ ይጎትተዋል። የእስሩ አንድ ጎን እንደተላጨ ለስልሶ ካልወጣ በዚህ ታውቀዋለህ።

ለሳር ማንሻው ጣቶች፣ ለካቴናና ለጎማ ብዙ አትጨነቅ። ድሬ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡር ያየች ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ እጅ አታጣም። ያለቀ ቋጣሪ ግን እኔን ቶርኖ ቤት ለቶርኖ ቤት አንከራቶኛል፣ አልተሳካልኝም።

ሻጩን ደግሞ ሲያስርበት የኖረው ሳር ነው ወይስ የማሽላ አገዳ ብለህ ጠይቀው። በኛ አካባቢ አገዳ ይበዛል፤ ወፍራም አገዳ ይህን ማሽን በቶሎ ያደክመዋል።

በመጨረሻ አሠራው። የራስህን ሲባጎ ይዘህ ሂድ። ፒቲኦው (ከትራክተሩ ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ዘንግ) በደቂቃ 540 ዙር ይዙር፤ ቢያንስ 20 እስር ይውጣ። እያንዳንዱን በሲባጎው አንስተህ መሬት ላይ ጣለው፤ ሁለቱንም ቋጠሮ እይ። አንዱ ወገን ብቻ ደጋግሞ ከተፈታ ችግሩ የዚያኛው ቋጣሪ ነው፤ በዋጋው ተነጋገሩበት። ሻጩ «እዚህ ሳር የለም» ካለህ ሳሩን አንተው ጭነህ ሂድና በረድፍ ዘርግተህ አስነሳው። የምታወጣው የአንድ ቀን የመኪና ኪራይ ነው።