የመጨረሻው ሌሊት ከሰንጠረዡ ለምን ጠፋ?

ጥያቄው የመጣው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የሥነ ፈለክ ክበብ ከሚመሩ መምህር ነው። ስቴላሪየም የተባለው የሰማይ ካርታ ሶፍትዌር ከሐምሌ 26 እስከ ነሐሴ 7 ቀን 2019 ዓ.ም. ያለውን የሳተርን ሰንጠረዥ በየሰዓቱ እንዲያወጣላቸው አዘዙት። የነሐሴ 7 ምሽት ጭራሽ አልወጣም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ደግሞ ሁሉም በዋዜማው ቀን ተጽፏል። «ቀን መምረጫው ተበላሽቶ ይሆን? አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?» ይላሉ።

አይጫኑት፣ መምህር። ቀን መምረጫው ጤነኛ ነው።

በላኩልኝ ሰንጠረዥ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆን ያለበት መስመር 20:00 ይላል። የፀሐይ መግቢያውም 12:55 ነው። በሐምሌ መጨረሻ ጎንደር ላይ ፀሐይ የምትገባው ለ1 ሰዓት ጥቂት ሲቀር ነው፤ ሶፍትዌሩ 18:55 ገደማ ማለት ነበረበት። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው። ጥርጣሬዬ ይኸው፦ ከዚህ በፊት ኮምፒውተሩን የነካ ሰው «በእኛ ሰዓት ይቁጠርላቸው» ብሎ የሰዓት ቀጠናውን ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ የሰዓት መነሻ) +3 ወደ −3 ቀይሮታል። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል። ሰማዩ ልክ ስለሚታይ ማንም አይነቃበትም። ቀኑ ግን የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆንና ግማሹ ሌሊት ወደ ትናንት ይሄዳል።

ኤፍ 6ን ይጫኑ፤ የቦታ መስኮቱ ይከፈታል። ቦታውን ጎንደር ያድርጉ፦ ኬክሮስ 12.6 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 37.5 ምሥራቅ። የሰዓት ቀጠናውን አፍሪካ/አዲስ አበባ ይበሉትና ነባሪ ቦታ አድርገው ያስቀምጡ። ፀሐይ መግቢያው ወደ 18:55 ካልመጣ ወደ ሌላ ነገር አይለፉ። ይህ ሳይስተካከል ሰንጠረዡን አምነው ልጆቹን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ቴሌስኮፕ አያስዞሩ። አደራ።

የጠፋው ምሽት ሌላ ጉዳይ ነው። መጨረሻው ነሐሴ 7፣ 00:00 ተብሎ ከተያዘ ሰንጠረዡ ቀኑ ሲጀምር ያበቃል። ቀኑ ራሱ አይገባም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ የምወደው ነገር ነው። የድሮ የሥነ ፈለክ ሰዎች ቀንን የሚጀምሩት ከቀትር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው የአንዱ ሌሊት መዝገብ በሁለት ቀን እንዳይከፈልባቸው ነው። በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ እኩለ ሌሊት ዞሩ። የጁሊያን ቀን የሚባለው ቆጠራ ግን በቀትር እንደጸና አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጀምሮ ቀን በቀን እየተደመረ የመጣ አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ ወር የለው፣ ጳጉሜን የለው። የሚቀየረው በግሪንዊች ቀትር፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቁጥሩ 2461620 ይሆናል። ምሽቱም፣ እኩለ ሌሊቱም፣ የሐምሌ 27 ንጋትም በዚሁ ቁጥር ሥር ናቸው፤ የሚጨምረው ከነጥብ በኋላ ያለው ብቻ ነው። የጎንደር ሌሊት ሳይቆረጥ አንድ ቁጥር ውስጥ ያድራል ማለት ነው።

እርስዎም ቀንዎን እንደዚሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይቁረጡ። በኤፍ 10 በሚከፈተው ኤፌሜሪስ (የሰማይ አካላት የቦታ ሰንጠረዥ) ውስጥ መነሻውን ኦገስት 2 (ሐምሌ 26)፣ 15:00 ያድርጉ። መድረሻውን ኦገስት 14 (ነሐሴ 8)፣ 15:00። ከሚፈልጉት የመጨረሻ ቀን ሁልጊዜ አንድ ቀን ይጨምሩ። በዚህ መሐል ለነሐሴ 7 አጥቢያ የፐርሴይድ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበረክቱበት ሌሊት አለ፤ ደመናው ከፈቀደ ልጆቹ ይዩት። ወደ እኛ ቀን ሲመልሱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 2019 ጳጉሜን 6 ስለሆነች የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል።

ሐምሌ 26 ቀን የፀሐይ ግርዶሽም አለ፤ እሱ ግን ከ9 ሰዓት በፊት ስለሚጀምር፣ ለእሱ መነሻውን ወደ ኦገስት 1 ይሳቡት። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን በኩል ያልፋል፤ ጎንደር ላይ ከፊል ነው። ከፊል ስለሆነ አንዲት ደቂቃ እንኳ ያለ ማጣሪያ አይታይም። ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣውን፣ ዓይን የሚጠጋበት በኩል የሚጠመዘዘውን ጥቁር መስታወት ይጣሉት። ሙቀቱ እዚያ ስለሚሰበሰብ ይሰነጠቃል። ማጣሪያ የሚታሰረው ከፊት፣ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነው። ከሰኔ 2012ቱ ግርዶሽ የተረፈ መነጽር ካለ በብርሃን ይፈትሹት፤ የተጫረና የተበሳ ከሆነ ይቅደዱት። ደህናውንም ቢሆን አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖኩላር ፀሐይን ማየት የለም።

መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል ያሉት የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ሲአር 2032 ይባላል። ርካሹ ቶሎ ይሞታል፤ ደህና ይግዙ። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ይቀይሩት፣ ቀኑን ያስተካክሉ፣ ፀሐይ መግቢያውን እንደገና ይዩ። ማጣሪያውን ደግሞ የግርዶሹ ቀን ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ራስዎ በእጅዎ ነቅነቅ አድርገው አጥብቀው ይሰሩት።